የግማሽ ሚሊሜትር ጉዳይ፦ ጥይት በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ጫፉን ለምን አያምኑም?

ዩቲዩብ ላይ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጥይት ሲሠራ ገጥሟችሁ ያውቃል? ባዶ ቀለሃ ያነሳል፣ ባሩድ ይሞላል፣ አረሩን አፉ ላይ ያስቀምጥና የማሽኑን እጀታ ወደ ታች ይጫናል። ከዚያ ካሊፐር አንስቶ ይለካል። ደግሞ ይለካል። አሁንም ይለካል።

ሰውየው ምኑን ነው እንዲህ የሚለካው? ዛሬ እሱን እናያለን።

ነገሩ ሃንድሎዲንግ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ አዳኞችና የዒላማ ተኳሾች ይሠሩታል። በፌዴራል ሕጉ ለራስህ መተኮሻ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ሠርቼ ልሽጥ ካልክ ግን ፈቃድ ግድ ነው። ለምን ይለፋሉ? የፋብሪካ ጥይት ለሁሉም ጠመንጃ እንዲሆን ተብሎ የተሠራ ነው። እነሱ ደግሞ ለራሳቸው ጠመንጃ በልኩ የተሰፋ ይፈልጋሉ። የገበያ ሸሚዝና ልብስ ሰፊ ጋ ያሰፋችሁት ሸሚዝ ልዩነት በሉት።

ዝላይዋ

ጥይት አራት ነገር ነው፦ ቀለሃው፣ ውስጡ ያለው ባሩድ፣ ከኋላ ስትመታ እሳት የምትሰጠው ትንሿ ቆብ፣ እና ተወንጭፎ የሚሄደው አረር።

የጠመንጃው ቱቦ ውስጥ ደግሞ ጠመዝማዛ ጥርሶች አሉ። አረሩን ይዘው እንደ እንዝርት የሚያሽከረክሩት እነሱ ናቸው። ካልተሽከረከረ ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ጠመንጃው ጥይቱን ሲጎርስ አብዛኛውን ጊዜ አረሩ ጥርሶቹን ገና አልነካም። መሃል ላይ ትንሽ ክፍተት አለች። ሲተኮስ ያቺን ክፍተት ዘሎ ነው ጥርሶቹ ላይ የሚደርሰው፤ እነሱም «ዝላይ» ይሏታል። ብዙዎች ሙከራቸውን የሚጀምሩት ከ0.5 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል። ስለዚህ እያወራን ያለነው ስለ አምስት ቅጠል ወረቀት ነው።

አምስት ቅጠል ወረቀት ምን ያመጣል?

አንደኛ፣ ዒላማ ላይ ይታያል። ዝላይዋ ከጥይት ጥይት እኩል ካልሆነች ቀዳዳዎቹ ይበታተናሉ።

ሁለተኛውና ዋናው የግፊት ነገር ነው። .308 ዊንቸስተር የሚባለው የታወቀ የአደን ጥይት የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት 62,000 ፒኤስአይ ነው። የመኪና ጎማ 30 ገደማ ነው። ሁለት ሺህ እጥፍ ማለት ነው፣ ያውም ከተኳሹ ፊት ጥቂት ሳንቲሜትር ርቆ!

አረሩ በጣም ወደ ውጭ ወጥቶ ጥርሶቹ ላይ ከተጣበቀ መንደርደሪያ ስለማያገኝ ግፊቱ ይዘላል። በዝላይ ተሞክሮ ደህና የነበረ የባሩድ መጠን አሁን ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ሌላም ጣጣ አለ፦ ሳትተኩስ ጥይቱን ላውጣ ስትል አረሩ ቱቦው ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀርና ባሩዱ ጠመንጃው ውስጥ ይፈሳል። ከልክ በላይ ወደ ውስጥ ማስገባትም መፍትሔ አይደለም፤ የባሩዱን ቦታ ይሻማል። በተለይ በትንንሽ የሽጉጥ ጥይቶች ላይ ይሄ ግፊቱን ክፉኛ ይጨምራል።

ጫፉ ይዋሻል

«ታዲያ ከታች እስከ ጫፍ መለካት ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ሙሉ ርዝመቱ ሥራ አለው። በ1926 የተቋቋመው የአሜሪካ የጦር መሣሪያና ጥይት አምራቾች ተቋም፣ ሳሚ፣ ለ.308 የወሰነው ከፍተኛ ርዝመት 71.37 ሚሊሜትር ነው። ጥይቱ ካዝናው ውስጥ ይገባል ወይ የሚለውን የምታውቁት በዚህ ነው።

ዝላይዋን ግን አይነግራችሁም። ምክንያቱም ጥርሶቹን የሚነካው ጫፉ አይደለም። የሚነካው ከጫፉ ወረድ ብሎ፣ ሹልነቱ አልቆ አረሩ ሙሉ ውፍረቱን ሊይዝ የደረሰበት ትከሻው ነው። ከአንድ ፓኬት በወጡ አረሮች መካከል እንኳ ጫፋቸው ሁለት ሦስት ቅጠል ወረቀት ያህል ሊለያይ ይችላል። በጫፍ ከለካችሁ የአረሩን ጫፍ ጉድለት እንጂ ዝላይዋን አልለካችሁም።

ታዲያ እንዴት ይለካል?

1. ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ባሩድም ቆብም የሌለው ቀለሃ ዘንግ ላይ ይታሰራል። አረሩ አፉ ላይ ላላ ብሎ ይቀመጣል።
2. ባዶነቱ የተረጋገጠ ጠመንጃ ውስጥ ይገባል። አረሩ ጥርሶቹን እስኪነካ ቀስ ተብሎ ይገፋል። በኃይል ከተገፋ ጥርሶቹ ውስጥ ይሰነቀርና ልኬቱ ይበላሻል።
3. እዚያው ይቆለፍና ይወጣል። ካሊፐሩ ላይ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብረት ትገጠማለች። አረሩ ቀዳዳዋ ውስጥ ትከሻው ላይ ስለሚቆም፣ ልኬቱ ከቀለሃው ታች እስከ ትከሻው ይሆናል።
4. አምስት ስድስት ጊዜ ይደገማል። የተለየ ቁጥር ከመጣ እጅ ተሳስቷል።

ከዚህ ቁጥር ላይ የሚፈለገው ዝላይ ይቀነሳል፤ ማሽኑም በዚያ ልክ ይስተካከላል።

የሌላ ሰው ቁጥር

ቪዲዮውን አይቶ «እሱ የተጠቀመውን ቁጥር ልጠቀም» የሚል ሰው ትልቁን ስህተት የሚሠራው እዚህ ጋ ነው። ቁጥሩ የዚያ ሰውዬ ጠመንጃ፣ የዚያ አረር፣ የዚያችም ካሊፐር ላይ የተገጠመች ብረት ነው። አረሩን ሲቀይር ቁጥሩ ይቀየራል። ጠመንጃው ብዙ ሲተኮስበትም ጥርሶቹ ከፊታቸው እየተበሉ ወደ ፊት ስለሚሸሹ፣ የራሱ የድሮ ቁጥር ለራሱም አይሠራም። ሽማግሌው እየደጋገመ የሚለካው ለዚህ ነው።

እኛ አገር የጦር መሣሪያና ጥይት ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ቁጥጥር ስር ስለሆነ ይሄ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም። አሜሪካ ሆናችሁ ወደዚህ ነገር የገባችሁ ካላችሁ ደግሞ መነሻችሁ የታተመ የሎዲንግ መጽሐፍ እንጂ ኮሜንት ላይ ያገኛችሁት ቁጥር አይሁን።

ለሌሎቻችን የምትቀረው ነገር ይቺ ናት፦ አንድ ሰው ቁጥር ሲነግራችሁ «ስንት ነው?» ብላችሁ አታቁሙ። «ከየት እስከ የት ነው የተለካው?» ብላችሁም ጠይቁ።