በአባት ዲግሪ የሚገኝ ወንበር

በአሜሪካ ታላላቅ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ የቆየ ልማድ አለ፡፡ አባቱ ወይም እናቱ በዚያው የተማሩ አመልካች ከሌላው ይቀደማል፡፡ ልማዱ ሥር የሰደደው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች በፈተና እየበለጡ መግባታቸው ሹማምንቱን ባሳሰበ ጊዜ ነበር፡፡ ሀርቫርድ ተከሶ በችሎት የቀረበው መረጃ እንዳሳየው፣ ከቀድሞ ተማሪዎች ልጆች ሲሶ ያህሉ ሲገቡ ከሌላው አመልካች የገባው ከመቶ 6 ያህሉ ብቻ ነው፡፡ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 የዘር ጉዳይ በቅበላ እንዳይታይ ሲወስን፣ የወላጅ ዲግሪ ሳይነካ ቀረ፡፡

ደጋፊዎቹ «የቀድሞ ተማሪዎች ስጦታ ለድሃው ነፃ ትምህርት ይሆናል» ይላሉ፡፡ ኤም.አይ.ቲ. ግን ልማዱን ሳይከተል አልደኸየም!

በ2024 ቨርጂኒያ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሜሪላንድ በግሎቹም ጭምር ከለከሉት፡፡ በሁለቱም ግዛቶች ታክሲ እየነዱ ልጅ የሚያስተምሩ ሐበሻ ሙስሊም አባቶች አሉ፡፡ ክልከላው ለእነርሱ እፎይታ ነው፡፡ ተመርቀው ወላጅ የሆኑት ግን «ተራው ለእኛ ሲደርስ ለምን ይቀራል?» ቢሉ አይፈረድም፤ ጥያቄው ከባድ ነው፡፡

በነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ.) ዘመን አንዲት የመኽዙም ጎሣ ሴት በሰረቀች ጊዜ፣ ለክብሯ ሲባል ቅጣቱ እንዲቀርላት አማላጅ ተልኮ ነበር፤ ነቢዩ ተቆጡ እንጂ አልተቀበሉም፡፡ ያ የፍርድ ጉዳይ፣ ይህ የትምህርት ወንበር ነው፡፡ ሆኖም ለትውልድ ማድላት በሁለቱም አለ፡፡ ወንበሩ ደግሞ አንድ ነው፤ የምሩቁ ልጅ ሲቀመጥበት የባለታክሲው ልጅ ይቆማል፡፡