ሁለት ወረቀት፣ አንድ ስሕተት

አጤሬራ የሚለውን ቃል የማያውቅ ተማሪ ቤት የገባ ሰው ያለ አይመስለንም። በመዳፍ ላይ የተጻፈ ቀመር፣ እጅጌ ውስጥ የተጣጠፈ ብጣሽ ወረቀት፣ ዛሬ ደግሞ ከዴስክ ሥር የሚበራ የእጅ ስልክ፤ መልኩ ይለያይ እንጂ ሥራው አንድ ነው። እኛ ወላጆች ስለ ኩረጃ የምንሰማው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ካለቀ በኋላ፣ «ወላጅ ይዘሽ ነይ» የሚለው መልእክት ቤት ሲደርስ ነው። መልእክቱ ከመላኩ በፊት በመምህሩ ልብ ውስጥ ምን ሲብላላ እንደሚያድር እምብዛም አናውቅም። ይህንኑ ለመረዳት በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምሩ የሁለት ልጆች እናት አነጋግረናል።

ነገሩ የተጀመረው ማታ ነው። እራት ተበልቶ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ መምህርቷ የፈተና ወረቀት ማረም ያዙ። ሰባተኛው ጥያቄ 3(ኤክስ − 4) = 18 ከሆነ ኤክስ ስንት ነው የሚል ነበር። መልሱ 10 ነው። አንዲት ተማሪ ግን 3ን ከ4 ጋር ማባዛት ረስታ 3ኤክስ = 22 ላይ ደረሰች፤ 22ንም ለ3 አካፍላ 8 ብላ ጻፈች። በአንድ ጥያቄ ሁለት ስሕተት መሆኑ ነው። ጥቂት ወረቀቶች ዝቅ ብለው ደግሞ ሌላ ወረቀት ሲያነሡ ያው 22፣ ያው 8 ጠበቃቸው።

«ትክክለኛ መልስ ቢመሳሰል አያስደነግጥም፤ ስሕተት ግን እንዲህ መስመር በመስመር አይመሳሰልም» ይላሉ መምህርቷ።

ሁለቱ ልጃገረዶች በአንድ ዴስክ የሚቀመጡ ናቸው። አንደኛዋ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ ስትሆን ሁለተኛዋ አርባኛ ቤት ውስጥ ናት። ከማን ወደ ማን እንደተገለበጠ ለመገመት ጊዜ አልፈጀባቸውም። «እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀዩ እስክሪብቶ በደካማዋ ወረቀት ላይ ዜሮ ሊጽፍ ተቃርቦ ነበር።»

ያገዳቸው አንድ የልጅነት ትዝታ ነው። አብሯቸው የተማረ ልጅ ሲኮርጅ ተይዞ ወረቀቱ በክፍሉ ፊት ተቀደደ፤ ሁሉም ሳቀ። በማግስቱ ልጁ ቀረ፤ ከዚያም ወዲያ አልታየም።

በማግስቱ የሥራ ባልደረቦቻቸውን ቢያማክሩ አንዱ ለሁለቱም ዜሮ ይሰጣቸውና ጧት በሰልፍ ላይ ስማቸው ይጠራ አሉ። ሌላዋ ደግሞ «ስልሳ ልጅ ይዘሽ ስንቱን ትችይዋለሽ፣ እለፊው» አሏቸው። ይህ «እለፊው» የሚባለው ነገር ቀላል መስሎ ይታያል እንጂ ሲጠራቀም አገር የሚያህል ዕዳ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በግንቦት 2008 ዓ.ም. አስቀድሞ ሾልኮ በመውጣቱ መሰረዙን አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፈተናው ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ እንዲሰጥ ሲደረግ ደግሞ ከ896 ሺህ በላይ ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በኩረጃ ማላከክ አይገባም። ነገር ግን በየክፍሉ ታይተው የታለፉት ወረቀቶች ድርሻ የላቸውም ብለን ራሳችንን ባናታልል ይሻላል።

መምህርቷ ሁለቱንም ምክር ትተው ልጆቹን ከትምህርት ሰዓት በኋላ በየተራ ባዶ ክፍል ውስጥ ጠሯቸው። ስለ ኩረጃ ምንም ሳይናገሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ 2(ኤክስ − 5) = 12 ብለው ጻፉና ጠመኔውን ሰጧቸው።

አንደኛ የምትወጣው ልጅ ወዲያውኑ 11 ብላ በትክክል ሠራች። ደካማዋ ግን 2ን ከ5 ጋር ማባዛቱን አሁንም ረሳችው።

የስሕተቱ ባለቤት ታወቀች ማለት ነው። የኮረጀችው ጎበዟ ነበረች።

ጎበዟ ልጅ ስትጠየቅ አልካደችም። ስድስተኛው ጥያቄ ይዟት ሰዓቱ እየገፋ ሲመጣ ከሰባት እስከ አሥር ያሉትን ከጎረቤቷ ገለበጠች። «አንደኛ ካልወጣሁ እማዬ ታዝንብኛለች» ብላ አለቀሰች። ደካማዋ ደግሞ ወረቀቷን ገፋ አድርጋ እንዳሳየቻት ተናገረች፤ ያቺ ጎበዝ ከእሷ ትኮርጃለች ብላ በሕልሟም ስላላሰበች ደስ ብሏት ነበር። ከስምንት እስከ አሥር ያሉትን በትክክል የሠራችው እሷ መሆኗን ማንም ልብ ሳይል ሊቀር ነበር።

ውሳኔያቸው እንዲህ ሆነ። ለኮረጀችው አራቱ ጥያቄዎች ዜሮ፤ ስሟ በክፍልም ሆነ በሰልፍ አይነሣም፤ እናቷ ግን ይጠራሉ። ደካማዋ ያገኘችው ነጥብ ይጽናላት፤ ተግሣጹን ሰምታ ከክፍል በኋላ የቅንፍ ትምህርት ትድገም። «ደንቡ ያስኮረጀም ከኮረጀ እኩል ጥፋተኛ ነው ይላል። ይህን ውሳኔዬን ተሳስተሻል የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም» ይላሉ።

እናትየው ከመሥሪያ ቤታቸው የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቀው መጡ።

«እህቴ፣ እባክዎ፣ አራት ጥያቄ ምን አላት? ልጄ ከሰው በታች ትሁን?» አሉ።

«ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ ምን ብለው ይጠይቋታል?»

«ስንት አገኘሽ ነዋ! ሌላ ምን እላለሁ?»

መምህርቷ መልስ አልሰጡም። እናትየውም ጥቂት ዝም አሉና ልጃቸው ጊዜ አለቀብኝ ያለችበትን ስድስተኛውን ጥያቄ ለማየት ጠየቁ። ሁለቱ ሴቶች ወረቀቱን ዘርግተው አብረው አዩት። (እኛም ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ የቢሯችንን እናቶች ስንጠይቅ፣ ከአንዷ በስተቀር ሁላችንም ስንት አገኘሽ ባዮች ሆነን ተገኘን።)

ልጅቷ በመንፈቀ ዓመቱ አራተኛ ወጣች። ሪፖርት ካርዱ ተፈርሞ በማግስቱ ተመለሰ። አባቷ ምን እንዳሉ መምህርቷ አልሰሙም።

ሁለቱ ልጃገረዶች ዛሬም በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። ዳግመኛ ይኮራረጁ እንደሆነ መምህርቷን ጠየቅናቸው።

«ምን አውቃለሁ! በሚቀጥለው ፈተና አንዷን ከፊት፣ አንዷን ከኋላ ነው የማስቀምጣት» አሉን።