የጭርት ቅባት ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም ከመድረሱ በፊት በጅጋ ያልፋል። አካባቢው በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳና በርበሬ የሚመረትበት የጃቢ ጠህናን ወረዳ ነው። ክረምቱ ረጅም፣ አፈሩ ለም፣ ጭቃውም ብርቱ ነው። ለበቆሎው የሚስማማው እርጥበትና ሙቀት ለቆዳ ፈንገስም ይስማማል። ዝናቡ ሲበረታ ልብስ አይደርቅም፣ እግር ከፕላስቲክ ጫማ ውስጥ ሲረጥብ ይውላል፣ ቤተሰቡም ሌሊቱን በአንድ ጋቢ ሥር ተጠጋግቶ ያድራል። በልጆች አንገትና ጉንጭ ላይ ክብ ሠርቶ የሚወጣው ጭርት፣ በአራሹ የእግር ጣቶች መካከል ነጣ ብሎ የሚላላጠው ቆዳ፣ በወጣቶች ደረትና ጀርባ ላይ የሚበተነው ቋቁቻ ሁሉም በፈንገስ የሚመጡ ናቸው።

ለእነዚህ ሕመሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚበቃው መድኃኒት አንድ ትንሽ ትዩብ ቅባት ነው። በብዛት የሚታወቀው ክሎትሪማዞል 1 ፐርሰንት ነው፤ ሚኮናዞል 2 ፐርሰንት፣ ኬቶኮናዞል 2 ፐርሰንትና ተርቢናፊን 1 ፐርሰንትም ለዚሁ አገልግሎት ይውላሉ። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፣ ጉዳቱም ጥቂት ነው፣ በትክክል ከተቀባም ያድናል። ሆኖም ብዙ ሰው ተቀብቶት «አልሠራልኝም» ሲል ይሰማል። ቅባቱ ደካማ ሆኖ የሚከሽፍበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው አቀባቡ ተሳስቶ ወይም ሕመሙ ሌላ ሆኖ ነው።

ጭርትን የሚያመጣው ፈንገስ የሚመገበው ኬራቲን የተባለውን ፕሮቲን ነው። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን፣ ጸጉራችንና ጥፍራችን የተሠሩት ከዚሁ ነው። ፈንገሱ አንድ ቦታ ላይ ይነሣና በዙሪያው ወደ ውጭ ይስፋፋል። ጥቂት ቀናት ሲያልፉ መሐሉ የዳነ ይመስላል፣ ዳሩ ግን ከፍ ብሎ፣ ቀልቶና ቅርፊት ይዞ ይታያል። ብርቱው ፈንገስ ያለው እዚህ ዳር ላይ ነው፤ ዓይን የማያየው ደግሞ ከዳሩ አልፎ ጤነኛ በሚመስለው ቆዳ ውስጥ መንገድ ጀምሯል። ስለዚህ ቅባቱ ክቡን ሞልቶ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ማለፍ አለበት። የሚያሳክከውን ነጥብ ብቻ እየነኩ መተው ፈንገሱን ወደ ጎን መግፋት ነው።

ክሎትሪማዞል በጀርመኑ ባየር ኩባንያ የተገኘው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው። ፈንገሱ የሴሉን ሽፋን የሚገነባበት ኤርጎስቴሮል የተባለ ንጥረ ነገር አለ፤ መድኃኒቱ ይህ እንዳይመረት ያግዳል። ሽፋኑ የሳሳበት ፈንገስ ማደግ አይችልም። የሰው ሴል ኤርጎስቴሮልን ስለማይጠቀም መድኃኒቱ ለእኛ የዋህ ነው፤ በቆዳ አልፎ ወደ ደም የሚገባውም እጅግ ጥቂት ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱ በአብዛኛው መጠነኛ ማቃጠል ወይም መቅላት ነው። ቆዳው ካበጠ ወይም ውኃ ከቋጠረ ግን አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ማቆምና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ቦታውን በሳሙናና በውኃ አጥቦ በደንብ ማድረቅ፣ በተለይ የጣቶችን መሐል። ከዚያ በስሱ ቀብቶ ማሸት። ቅባት ማወፈር ፈውስ አያፋጥንም፤ ቆዳውን አርጥቦ ይጎዳል እንጂ። መጠኑን የቆዳ ሐኪሞች በጣት ይለካሉ፦ ከአዋቂ ሰው ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የተጨመቀ ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን፣ ሁለት መዳፍ ለሚያህል ቆዳ ይበቃል። ስለዚህ አንድ መዳፍ ለሚያህል ቦታ ጧትና ማታ የሚቀባ ሰው 20 ግራም ትዩብ ከአንድ ወር በላይ ያቆየዋል። የትዩቡን አፍ በቀጥታ ቁስሉ ላይ ማሻሸት አይገባም፤ በጣት ወስዶ መቀባት፣ ቀጥሎም እጅን መታጠብ ነው።

ዋናው ችግር የሚመጣው በጊዜው ላይ ነው። ክሎትሪማዞል በቀን ሁለት ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቀባል። ማሳከኩ ግን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሊቆም ይችላል፣ ቅርፊቱም በሳምንት ይረግፋል። ያን ጊዜ ትዩቡ መደርደሪያ ላይ ይወጣና ይረሳል። ግንዱ ታጭዶ ሥሩ የቀረ አረም ዝናብ ሲያገኝ እንደሚያቆጠቁጥ ሁሉ፣ ከወር በኋላ ጭርቱ በዚያው ቦታ፣ አንዳንዴም ከበፊቱ ሰፍቶ ይመለሳል። ቆዳው ጤነኛ ከመሰለ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት መቀጠል ያስፈልጋል። ተርቢናፊን ፈንገሱን ስለሚገድል ጊዜው ያጥራል፣ ብዙ ጊዜም አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። የተጀመረበትን ቀን ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ስንት ቀን እንደተቀባ የሚረሳው ይህን ባለማድረጉ ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። መድኃኒት ቤት ገብቶ «የሚያሳክክ ቅባት ስጠኝ» የሚል ሰው ሁለት ዓይነት ቅባት ሊሰጠው ይችላል። አንዱ የፈንገስ መድኃኒት ነው። ሌላው ስቴሮይድ ነው፤ ሃይድሮኮርቲሶን፣ ቤታሜታሶን፣ ሞሜታሶን፣ ክሎቤታሶል። ስቴሮይድ ለችፌና ለመሰል የቆዳ ቁጣ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ጠቃሚ መድኃኒት ነው። ጭርት ላይ ሲቀባ ግን የሚያታልል ነው። ሰውነት ፈንገሱን የሚዋጋበትን ቁጣ ስለሚያበርድ ማሳከኩ በአንድ ሌሊት ይጠፋል፣ መቅላቱም ይቀንሳል። የቆዳው መከላከያ በዛለ መጠን ፈንገሱ ይስፋፋል። ክቡ ቅርጹን ያጣል፣ ዳሩ ይደበዝዛል፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሐኪም እንኳ ሊያሳስት ይችላል። ሕመምተኛው ደግሞ ቅባቱን ባቆመ ቁጥር ስለሚብስበት ደጋግሞ ይገዛዋል። ወራት ሲያልፉ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ብሽሽትና ብብት ላይ የማይጠፋ ሸንተረር ይወጣል። የሕፃናት ቆዳ ስስ በመሆኑ ጉዳቱ በእነርሱ ላይ ይከፋል። በቅርብ ዓመታት ሕንድ ውስጥ ለተለመዱት መድኃኒቶች አልበገር ያለ የጭርት ዝርያ በስፋት ሲዛመት፣ ባለሙያዎች ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ የፈንገስ መድኃኒትና ስቴሮይድን አቀላቅለው የያዙ ቅባቶች ያለሐኪም ትእዛዝ መሸጣቸው ነው።

ሁለቱን መለየት ለገዢው ቀላል አይደለም። በትዩቡ ላይ የንግድ ስሙ በትልቁ ይጻፋል፣ የመድኃኒቱ ትክክለኛ ስም ግን ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ነው። ክሎትሪማዞልና ክሎቤታሶል በጆሮ ሲሰሙ እጅግ ይመሳሰላሉ። አንዱ የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ ሌላው ከስቴሮይዶች ሁሉ ብርቱ ከሚባሉት ይመደባል። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ፋርማሲስቱን «ይኼ ስቴሮይድ አለበት ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ ባለሙያውን አለማመን አይደለም፤ ጥሩ ባለሙያም ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ለጎረቤት የሠራ ቅባት ለእርስዎም ይሠራል ብለው አይዋሱ።

የእኛ አካባቢ ሌላም የቆየ መድኃኒት ያውቃል፤ የዊትፊልድ ቅባት። ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው የቆዳ ሐኪም ከአርተር ዊትፊልድ ሲሆን፣ ቅባቱ ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሏል። 6 ፐርሰንት ቤንዞይክ አሲድና 3 ፐርሰንት ሳሊሲሊክ አሲድ ይዟል፤ አንዱ ፈንገሱን ይከላከላል፣ ሌላው የወፈረውን ቆዳ ያረግፋል። ለጠንካራ የእግር ቆዳ ጥሩ ነው፤ ፊት፣ ብሽሽትና የተከፈተ ቁስል ላይ ግን ያቃጥላል። ጎጃም ውስጥ ዝሆኔ ብዙ ሰው የሚያሠቃይ በመሆኑ ይህ ቅባት ለየት ያለ ዋጋ አለው። በጣት መሐል የተሰነጠቀ ቆዳ የባክቴሪያ በር ነው፤ በዚያ የገባ ኢንፌክሽን ያበጠውን እግር በትኩሳትና በሕመም ያጋየዋል። በሽተኞች እግራቸውን በየቀኑ በሳሙና ሲያጥቡ፣ አድርቀው ቅባት ሲቀቡና ጫማ ሲያደርጉ ይህ ሕመም ይቀንሳል። በምሥራቅ ጎጃም 696 የዝሆኔ ሕመምተኞች የተካተቱበት ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ ውጤቱም በ2018 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል።

ቅባት የማይደርስበት ቦታም አለ። ቆረቆር፣ ማለትም የራስ ቆዳ ጭርት፣ ሥሩ ከጸጉሩ ውስጥ ስለሆነ በትዩብ አይድንም። ግሪዚዮፉልቪን ወይም ተርቢናፊን የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ያስፈልገዋል፤ መጠኑም በልጁ ክብደት በጤና ባለሙያ ይወሰናል። ግሪዚዮፉልቪን ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ የተሻለ ይሠራል። የጥፍር ፈንገስም እንዲሁ በቅባት ብቻ እምብዛም አይለቅም። በዚህ አገር ቆረቆር የሚበዛው በልጆች ነው፤ በአንድ ምላጭ ብዙ ራስ ሲላጭ፣ ሻሽና ቆብ ሲዋዋሱ፣ የቆሎ ተማሪዎችም በጠባብ ጎጆ ተጠጋግተው ሲያድሩ በቀላሉ ይተላለፋል። ዋሸራን የመሰለ የቅኔ ቤት ባለበት አገር ለእነዚህ ልጆች ሳሙናና የየራሳቸው ምላጭ ማድረስ ለትምህርታቸው ከሚሰጥ ድርጎ ያነሰ ነገር አይደለም። ከጥጃ የሚይዝ ጭርትም አለ። የጥጃው ዓይንና አንገት ዙሪያ ግራጫ ቅርፊት ካለ፣ ሲጠብቀው የዋለው ልጅ እጅና ፊት ላይ ያበጠ ጭርት ሊያወጣ ይችላል። ያን ጊዜ ልጁን ብቻ ማከም አይበቃም፤ ጥጃውንም ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳየት ነው።

ጭርት የሚመስል ግን ጭርት ያልሆነ ብዙ አለ። ሌሊት የሚብስ፣ የጣት መሐል የሚይዝ፣ ቤተሰቡን ሁሉ የሚያሳክክ እከክ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ነጣ ወይም ቀላ ብሎ የማያሳክክ፣ ሲነካም ስሜት የሌለው ምልክት ደግሞ የሥጋ ደዌ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ይህን በቅባት እየደለሉ ወራት ማሳለፍ ነርቭ ያስከፍላል። ሕክምናው በነጻ ይሰጣል፤ በጊዜ ከተጀመረም አካል አይጎዳም።

ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ ማሰርና የቁልቋል ወተት ማፍሰስም በገጠሩ የተለመደ ነው። ነጭ ሽንኩርት በፈንገስ ላይ አቅም እንዳለው በላቦራቶሪ ታይቷል፤ ቆዳ ላይ ታስሮ ሲያድር ግን እንደ እሳት ያቃጥላል። የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይነ ስውርነት እስከማምጣት ይደርሳል። በተቃጠለው ቆዳ ላይ ባክቴሪያ ሲጨመርበት ጭርቱ ከመጀመሪያው የባሰ ቁስል ይሆናል። የአባቶችን ዕውቀት አከብራለሁ፤ እነዚህን ሁለቱን ግን በልጅ ፊት ላይ አትሞክሩ እላለሁ።

ቅባቱን ከምድጃ ርቆ በሚገኝ ቀዝቃዛ ቦታ፣ ልጆች በማይደርሱበት ያስቀምጡ፤ የመጠቀሚያ ጊዜው ካለፈም አይቀቡት። ካልሲውን፣ ጋቢውንና ልብሱን በፈላ ውኃ አጥበው ፀሐይ ላይ ያስጡ። በሁለት ሳምንት ለውጥ ካልታየ፣ ከተስፋፋ፣ መግል ከቋጠረ፣ ወይም ሕመምተኛው ስኳር ያለበት፣ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖር ወይም ጨቅላ ሕፃን ከሆነ፣ የተጠቀሙበትን ትዩብ በእጅዎ ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ባለሙያው ከምንም በፊት ማወቅ የሚፈልገው ምን እንደተቀባ ነው።