የእጅ ቡና መፈልፈያ፦ ሲመረጥና ሲበላሽ

ቀይ እሸት ቡና ፋታ አይሰጥም። በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ በጆንያ ውስጥ ይሞቃል፣ ይብላላል፤ የአባላት ድካምም በአንድ ሌሊት ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ማጠቢያ ጣቢያ ርቋቸው የእጅ መፈልፈያ ለመግዛት ገንዘብ የሚያዋጡ ማኅበራት መሣሪያውን በቀለሙ ሳይሆን በሥራው ሊመርጡት ይገባል።

በመጀመሪያ፣ ለቀማው በሚበረታበት ቀን የሚገባው እሸት በኪሎ ይታወቅ። ያንን እስከ ምሽት የማይጨርስ መፈልፈያ ቢረክስም አይጠቅምም። ሁለተኛ፣ መለዋወጫው በቅርብ ገበያ መገኘቱ ይረጋገጥ። ሦስተኛ፣ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ከማኅበሩ ማሳ በተለቀመ እሸት ይሞከር።

በሥራ ላይ ብዙ ችግር የሚያመጣው በተሽከርካሪው ሲሊንደርና ፊት ለፊቱ ባለው ብረት መካከል ያለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ሲጠብ ፍሬው ይቆስላል፤ ሲሰፋ እሸቱ ሳይላጥ ያልፋል። መፍትሔው ብሎኑን በጥቂት በጥቂቱ እያስተካከሉ፣ በየጊዜው አንድ ጣሳ እሸት ፈልፍሎ ማየት ነው። ጠጠሩ ሳይለቀም የገባ እሸት የሲሊንደሩን ጥርስ ይጎዳል።

ማታ ሳይታጠብ ባደረ መፈልፈያ ውስጥ የቀረ ፍሬ በማግስቱ ሸቶ ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል፤ ጥቂቱም የብዙውን ጣዕም ያበላሻል።

ልጣጩ ወደ ወንዝ አይጣል፤ በጉድጓድ ከተብላላ ለቡናው ማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። የማኅበር መሪዎችም መሣሪያው ከመድረሱ በፊት ለአሠራሩና ለጽዳቱ ኃላፊ የሚሆኑ ሁለት አባላት ቢመድቡ፣ የተዋጣው ገንዘብ ከንቱ አይቀርም።