አሮጌ የናፍጣ ፒካፕን በቤት ስለ መጠበቅና ብልሽቱን በሥርዓት ስለ መመርመር

ከወላይታ ሶዶ በስተምዕራብ በምትገኘው በቤሌ ከተማ አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ያለው ሰው፣ መኪናዋ የእኔ ብቻ ናት ሊል አይችልም። በገበያ ቀን ጐደሬውንና ዝንጅብሉን፣ ሙዙንና ካሳቫውን ወደ ሶዶ የምታወጣው እርሷ ናት፤ ለቅሶ ሲሆን ድንኳንና ወንበር ትጭናለች፤ በሌሊት ምጥ የጠናባት ሴት ስትኖር መጀመሪያ የሚንኳኳው የባለመኪናው በር ነው። እንዲህ ያለችው መኪና አንድ ቀን ጧት አልነሣ ስትል የሚጎዳው ባለንብረቱ ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ፣ በቤት ባለው ጥቂት መሣሪያ መኪናዋን እንዴት መጠበቅ እንደሚቻል፣ ብልሽትም ሲደርስ ምክንያቱን በምን ቅደም ተከተል መፈለግ እንደሚገባ ማስረዳት ነው። እኔ የመካኒክነት ሙያ የለኝም፤ በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማርኩት ፊዚክስና በአጎቴ መኪና ኮፈን ሥር ካሳለፍኳቸው የክረምት ዕረፍቶች በቀር ሌላ ማስረጃ አላቀርብም።

አሮጌውን ሸጦ አዲስ መግዛት አይሻልምን የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወስኗል። ከዚህ የተነሣ ቀደም ብላ የገባች መኪና፣ ያረጀችም ብትሆን፣ በቀላሉ የምትተካ አይደለችም።

በምሳሌነት የምጠቅሳት የአጎቴ መኪና ቶዮታ ሂሉክስ ናት። ሞተሯ ስሪ ኤል የሚባለው፣ 2.8 ሊትር የሚይዝ ባለ አራት ሲሊንደር ነው። ናፍጣውን የሚያከፋፍለው ኮምፒዩተር ሳይሆን በቺንጋ የሚዞር ፓምፕ ነው፤ ስለዚህ ዓይንና ጆሮ፣ አንዳንድ ጊዜም አፍንጫ፣ ብዙውን ነገር ሊደርሱበት ይችላሉ። (አንባቢ እንደሚያስተውለው ኮፈን፣ ቺንጋ፣ ፊልትሮ፣ ሳልባትዮ፣ ሞተሪኖ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የጋራዥ ትምህርታችን ከማን እንደ ጀመረ ይመሰክራሉ።)

ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ የተሳካለትን ሞተር ካሳየ ወዲህ መሠረታዊው አሠራር አልተለወጠም። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በካንዴላ ብልጭታ ነው፤ በናፍጣ ሞተር ግን ብልጭታ የለም። ፒስተኑ አየሩን ብቻውን ወደ ሃያ ሁለት አንደኛ ያህል አሳንሶ ይጨምቀዋል። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፤ የብስክሌት ጎማ የነፋ ልጅ ሁሉ የፓምፑ ጫፍ እንደሚግል ያውቃል። በሲሊንደሩ ውስጥ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፤ በዚያች ቅጽበት ኖዝሉ ናፍጣውን ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት እንደ ጉም አድርጎ ሲረጨው በራሱ ይቀጣጠላል። እንግዲህ ይህ ሞተር እንዲነሣ የሚያስፈልገው አየር ያልገባበት ንጹሕ ናፍጣ፣ በደንብ የተጨመቀ አየርና በቂ ሙቀት ነው። የማይነሣ ሞተር ከእነዚህ አንዱ ጎድሎታል ማለት ነው። ጥያቄው የትኛው ነው የሚለው ሲሆን፣ ለመመለስም ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ መሄድ ይገባል። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ምን እንደሚያስከትል ቤተ ሰባችን በገንዘቡ ተምሯል።

ከሦስት ዓመት በፊት በክረምት መኪናዋ ጧት ጧት ለመነሣት ትቸገር ጀመር። ከተነሣችም በኋላ ጥቂት ሄዳ፣ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው እያቆራረጠች ትጠፋ ነበር። በመጨረሻ ወደ ሶዶ በሚወስደው ዳገት ላይ ሙዝ እንደ ጫነች ቆመች። ተጎትታ የገባችበት ጋራዥ፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ የናፍጣ ፓምፑ ሞቷል ብሎ ፈረደ። አጎቴ ሁለት በሬዎቹን ሸጠ፤ ያገለገለ ፓምፕ ተገዝቶ ተተከለ። በገበሬ ቤት ሁለት በሬ ማለት የሚመጣው ዓመት እርሻ ማለት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ያው ችግር ተመለሰ።

ምክንያቱን ያገኙት ጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤታችን፣ የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩ ሰው ናቸው። መፍቻም ሳያነሡ፣ ከሳልባትዮው ወደ ፊልትሮው የሚመጣውን የጎማ ቱቦ በጣታቸው እጥፍ አደረጉት፤ በማሰሪያው አጠገብ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየ። «ጋሼ፣ ይህማ ቢሆን ናፍጣ ያንጠባጥብ ነበር» ብላቸው፣ «አይ ልጄ፣ ይህ አያንጠባጥብም፤ አየር ይጠጣል እንጂ» አሉኝ። አንድ ክንድ የማይሞላ ቱቦ ተለውጦ ነገሩ አለቀ።

የእኒህ ሰው አነጋገር በፊዚክስ ቋንቋ ሲተረጎም እንዲህ ነው። ፓምፑ ናፍጣውን ከሳልባትዮው የሚያመጣው በመሳብ ስለ ሆነ፣ ሞተሩ ሲሠራ በዚያ መስመር ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ነው። በስንጥቁ ናፍጣ አይወጣም፤ አየር ይገባል። ናፍጣ እምብዛም አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። ስለዚህ የፓምፑ ግፊት አየሩን በማኮማተር ያልቅና ኖዝሉን ለመክፈት ሳይበቃ ይቀራል። መኪናዋ ስታድር ደግሞ አየሩ በስንጥቁ እየገባ ናፍጣው ወደ ሳልባትዮው ይመለሳል፤ የጧቱ ችግርም ከዚህ የመጣ ነው። ጋራዡ ተንኮል ሠርቷል ብዬ አላምንም። ምልክቱ የደከመ ፓምፕ ምልክት ይመስላል፤ የተሳሳቱት ከሁሉ የሚወደደውን ዕቃ ከሁሉ አስቀድመው በመጠርጠራቸው ነው።

ማንም በቤቱ ሊያደርገው የሚችለው ማረጋገጫ አለ። ንጹሕ ናፍጣ ያለበት ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጣል፤ በአዲስ ቱቦም ወደ ፓምፑ ይያያዛል፤ የሚመለሰው ናፍጣ ቱቦም ወደዚያው ጀሪካን ይገባል። ሞተሩ በዚህ ሁኔታ ያለ እንከን ከሠራ፣ ብልሽቱ በሳልባትዮውና በፓምፑ መካከል ነው፤ ፓምፑን የሚነካ ሰው ገንዘቡን ይጥላል። ይህ ምርመራ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

ሞተሩ ከነጭራሹ የማይነሣ ከሆነ ግን ከዚህም ቀላል ከሆነው መጀመር ነው። ቁልፉ ሲዞር በፓምፑ ላይ ያለው የናፍጣ መዝጊያ በኤሌክትሪክ ይከፈታልና «ጭቅ» የሚል ትንሽ ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ከሌለ ፊውዙንና ሽቦውን መመልከት ነው። ድምፁ ካለ በፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ደጋግሞ መጫን ይገባል፤ መስመሩ ከሞላ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ሁልጊዜ ልል ከሆነ ወይ ናፍጣ የለም፣ ወይ አየር ይገባል። ከዚያ በኋላ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱት የብረት ቱቦዎች ብሎኖች በጥቂቱ ላላ ተደርገው ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ያዞራል። ናፍጣ ከሁሉም ብቅ ብቅ ካለ ነዳጁ እስከ በሩ ደርሷል ማለት ነው፤ መልሶ ማጥበቅ ነው። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ከኖዝል ወይም ከተሰነጠቀ የብረት ቱቦ የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ መስሎ ጣት እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። ስለዚህ ፍሳሹ በካርቶን ይፈለጋል እንጂ በእጅ አይዳሰስም።

ስለ ናፍጣው ንጽሕና ጥቂት ልጨምር። ናፍጣ በማደያ ሲታጣ አጎቴ በጀሪካን ከበርሜል ይገዛል፤ በርሜሉም በክረምት ደጅ የሚያድርበት ጊዜ አለ። አንድ ቀን ከዚህ ናፍጣ በጠርሙስ ቀድቼ ሌሊቱን አሳደርኩት፤ ጧት ከሥሩ የጣት ውፍረት ያህል ውሃ ቁጭ ብሎ አገኘሁ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሳልባትዮውም የሚሳበው ከታች በኩል ስለ ሆነ ፓምፑ መጀመሪያ የሚያገኘው ውሃውን ነው። ይህ ፓምፕ ደግሞ የራሱ ዘይት የለውም፤ የሚያለሰልሰው የሚያልፍበት ናፍጣ ራሱ ነው። ውሃ የገባበት ፓምፕ በደረቁ እየተፋጨ ይበላል፤ ይዝጋልም። ጥበቃው ግን ቀላል ነው፤ በጀሪካን የመጣው ናፍጣ አንድ ሌሊት አርፎ የላይኛው ብቻ በጨርቅ ተጠልሎ ይቀዳል፤ ሳልባትዮው ማታ ማታ ባዶ አይተውም፤ ባዶው ቦታ የያዘው አየር ሲቀዘቅዝ ጤዛ ያወርዳልና። በፊልትሮው ሥር ያለችው ማፍሰሻም በክረምት በየሳምንቱ ተከፍታ ውሃው ይለቀቃል።

ናፍጣው ደህና ሆኖ ሞተሩ በቀዝቃዛ ጧት ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ የጎደለው ሙቀት ነው። በየሲሊንደሩ አንዳንድ ማሞቂያ ካንዴላ አለ። በመለኪያ ሲታይ የሞተው ምንም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ጤነኛው በጣም ትንሽ ተቃውሞ ያሳያል። ነቅሎ ከባትሪ ጋር በቀጥታ በማያያዝ ሲግል ማየት በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በአንዳንዶቹ ሞተሮች ላይ ያሉት ለ6 ቮልት የተሠሩ ስለ ሆነ በ12 ቮልት ይቃጠላሉ፤ ጽሑፋቸውን አስቀድሞ ማንበብ ይገባል። ባትሪውንም አለመርሳት ነው፤ ሞተሪኖው ዝግ ብሎ ሲዞር የሚጨመቀው አየር በፒስተኑ ዙሪያ ለመሹለክ ጊዜ ያገኛል፤ ሙቀቱም ወደ ብረቱ ይሸሻል። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ የባትሪውን ጫፎች በሙቅ ውሃ አጥቦ ማጥበቅ ብቻ ነው።

የጭሱም ቀለም ይናገራል። ነጭ ጭስ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፤ በጧት ለጥቂት ደቂቃ ቢታይ አያስደነግጥም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያመለክታል። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ለአየሩ ሲበዛ የሚመጣ ነው፤ በበጋ በአቧራ መንገድ ለምትመላለስ መኪና የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የአየር ፊልትሮው ነው። በአየር የሚነፋው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ከውጭ ቢነፋ አቧራው ወደ ወረቀቱ ይሰነቀራል። ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። በ2000 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ፓምፑ ግን ይህን አያውቅምና ያንኑ ናፍጣ ይልካል። ከቤሌ ተነሥታ ወደ ሶዶ የምትወጣ መኪና ዳገቱን ስትይዝ ጥቂት ብታጨስ የግድ ታማለች ማለት አይደለም። እንዲህ ያለውን ጭስ ለማጥፋት ኖዝል የለወጡ ሰዎች አይቻለሁ።

ስለ ሙቀት መብዛት የምለው አጭር ነው። የዚህ ዓይነት ሞተር ቴስታታ ከመጠን በላይ ሲግል ይሰነጠቃል፤ ጥገናው ከባድ ነው። የሙቀት መለኪያው ከፍ ሲል ማቆም ያስፈልጋል፤ የጋለ ራዲያቶር ክዳን ግን አይከፈትም። ውሃው ያለ ሚታይ ፍሳሽ ከጎደለ፣ ወይም ሞተሩ ሲሠራ በራዲያቶሩ አፍ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው መጠርጠር አለበት። ዘይቱ ወተት የመሰለ እንደሆነም ሞተሩን ማስነሣት አይገባም።

በዚህ ሁሉ መካከል ምንም ምልክት ሳይሰጥ የሚገድለው የውስጡ ቺንጋ ነው። በየ100000 ኪሎ ሜትር እንዲለወጥ ፋብሪካው ያዛል፤ ለዚህም በሾፌሩ ፊት መብራት አለ። ቺንጋው በጉዞ ላይ ቢበጠስ ቫልቮቹና ፒስተኖቹ ይጋጫሉ። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው የሻጩን ቃል ሳይጠብቅ ቺንጋውን ለውጦ፣ የለወጠበትን ቀንና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ኮፈኑ ላይ ቢጽፍ ይሻላል። የሞተር ዘይት በእኛ አቧራ በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ቢለወጥ አይበዛም።

በቤት የማይሠራም አለ። የኖዝል ግፊት ያለ መለኪያ አይታወቅም፤ የፓምፑም ሰዓት ያለ ልዩ መሣሪያ አይስተካከልም፤ እነዚህ ወደ ጋራዥ የሚሄዱ ናቸው። አጎቴ አሁን ወደ ጋራዥ ሲሄድ በደብተር ጽፎ ይሄዳል፤ ቁልፉ ሲዞር ድምፁ እንደ ተሰማ፣ የእጅ ፓምፑ እንደ ጠነከረ፣ በጀሪካኑ ናፍጣ ሞተሩ እንዴት እንደ ሠራ፣ ጭሱ በስንት ሰዓት ምን ቀለም እንደ ነበረው። ባለፈው ጥር ከኖዝሎቹ አንዱ ብቻ ሲለወጥ መካኒኩ ደብተሩን አንብቦ ሌሎቹን ሦስቱን ሳይነካ መለሰለት።