ጫማ እግራችንን ለምን ይልጠዋል?



እዚህ ቆቦ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ወጣቶች እያነከሱ ሲገቡ ማየት የተለመደ ነው። ጠዋት ለሩጫ ወጥተው ወይም ለትምህርት ቤት ውድድር ሲለማመዱ ተረከዛቸው ተልጦ፣ ጣታቸው ውሃ ቋጥሮ ይመጣሉ። «ጫማው መታኝ» ይላሉ። ብዙዎቹ የሚጠይቁኝም ቁስሉ ላይ የሚነሰንሱት የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ነው። ቁስሉ ሳይመጣ እንዴት መከላከል እንደሚቻል የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ነው። የዚህ ወር ጽሑፋችን ስለዚሁ ይሆናል፣ ኢንሻ አላህ።

ውሃ የሚቋጥረው ለምንድን ነው?

ቆዳችን ድርብርብ ሆኖ የተፈጠረ ነው። ስንሮጥ የእግራችን አጥንት ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀሳል፤ የላይኛው ቆዳ ግን ካልሲው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አንድ ኪሎ ሜትር ስንሮጥ እያንዳንዱ እግራችን መሬቱን በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ስለሚረግጥ፣ መጓተቱ ሲደጋገም የላይኛው ቆዳ ከሥሩ ካለው ይላቀቃል። በተላቀቀው ቦታ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይሞላል። ውሃ ቋጠረ የምንለው ይህንን ነው።

ለዚህ ጉዳት ሦስት ነገሮች ይተባበራሉ፤ እነሱም ፍትጊያ፣ ሙቀትና እርጥበት ናቸው። እንደ ቆቦና እንደ ራያ ቆላ ባለ ሞቃት አገር ሙቀቱን ማስቀረት አንችልም። ፍትጊያውን መቀነስ እንችላለን። ከሁሉም በላይ በእጃችን ያለው ግን እርጥበቱ ነው። የረጠበ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ከካልሲ ጋር ይጣበቃል፣ ቶሎም ይላጣል።

ከውዱእ በኋላ ያለችው አንድ ደቂቃ

ብዙ ወጣቶቻችን የሱብሒን ሶላት በጀመዓ ሰግደው ፀሐይ ሳትበረታ ለሩጫ ይወጣሉ። ይህ እጅግ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን በውዱእ የታጠበው እግር፣ በተለይ የጣቶቹ መሐል፣ ሳይደርቅ ካልሲ ይጠለቅበታል። በቀን አምስት ጊዜ እግርን መታጠብ ለንጽሕና ትልቅ ጥቅም አለው። ጉዳቱ የሚመጣው ከመታጠቡ ሳይሆን እርጥቡን እግር በጫማ ከማፈኑ ነው። በጣቶች መሐል የሚወጣው ፈንገስም ይህንኑ እርጥበት ይወዳል።

ስለዚህ በኪሳችሁ ትንሽ ጨርቅ ያዙና የእያንዳንዱን ጣት መሐል አድርቁ። ከተቻለ የሩጫ ካልሲያችሁን ለብቻው ይዛችሁ ከሶላት በኋላ ቀይሩ። እናቶችም ልጆቻችሁ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ይህንኑ አስለምዷቸው።

ከአበበ ቢቂላ ምን እንማራለን?

አትሌት አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1960) በሮም ኦሎምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማሸነፉን ሁላችንም እናውቃለን። በሰፊው እንደሚነገረው ጫማውን የተወው፣ እዚያ ያገኘው አዲስ ጫማ ስላልተስማማውና እግሩን ስለጎዳው ነው። በባዶ እግሩ መሮጥን ቀድሞ የለመደ በመሆኑም ውስጥ እግሩ ጠንክሮ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሲያሸንፍ ግን ጫማና ካልሲ አድርጎ ነው የሮጠው።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት «ጫማ አያስፈልግም» የሚል አይደለም። ያልለመድነውን ጫማ በውድድር ቀን አናድርግ የሚል ነው። አዲስ ጫማ ስትገዙ መጀመሪያ በቤት ውስጥና በአጭር መንገድ ለቀናት ተለማመዱት።

ጫማና ካልሲ ስንመርጥ

1ኛ. ጫማ ከሰዓት በኋላ ለኩ። እግር በቀኑ ሙቀትና በእንቅስቃሴ ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የሆነው ጫማ ከሰዓት ሊጠብ ይችላል።

2ኛ. ቆማችሁ ስትለኩ ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት የአንድ አውራ ጣት ጥፍር ያህል ቦታ ይትረፍ። ተረከዙ ግን እየወጣ እየገባ መንሸራተት የለበትም። በጣም የሰፋ ጫማም እንደ ጠባቡ ይልጣል።

3ኛ. ሰልባጅ ጫማ የምትገዙ እጃችሁን ከትታችሁ ውስጡን ዳስሱ። የተቀደደ ገበር፣ የወጣ ስፌት ወይም የተጣጠፈ መደብ ካለ ተዉት። በሌላ ሰው እግር ቅርጽ የተጎበጠ ጫማም የእናንተን እግር ሊያቆስል ይችላል።

4ኛ. ያለ ካልሲ አትሩጡ። ወፍራም የጥጥ ካልሲ ላብን ይዞ ይቆያል፤ ላብ የማይዝ የስፖርት ካልሲ ካገኛችሁ ይመረጣል። ካላገኛችሁ ያልተቀደደና ያልተጨማደደ ንጹሕ ካልሲ ይበቃል።

5ኛ. አሸዋ ከገባ ቁሙና አራግፉ። በሆርማት ወንዝ አሸዋ ላይ የሚሮጡ ወጣቶች ይህን በደንብ ያውቁታል። አንዲት ጠጠር ወይም ጥቂት አሸዋ ካልሲ ውስጥ ሆና ቆዳን እንደ ሞረድ ትፍቀዋለች።

ሁልጊዜ የሚላጥ ቦታ ካላችሁ ከሩጫው በፊት በደረቅ ቆዳ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉበት። በበረሃ 250 ኪሎ ሜትር በሚሮጡ ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ ፕላስተሩ የተለጠፈበት የእግር ክፍል ውሃ የመቋጠር ዕድሉ በ40 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ዋጋውም ከብዙ ቅባቶች ያነሰ ነው።

ጭንና ብብት ሲፋተግ

ጭን ለጭን ወይም ብብት ሲፋተግ በላቡ ጨው ምክንያት ይበልጥ ያቃጥላል። ከሩጫ በፊት ቫዝሊን በስሱ ቀቡት። ቅባቱ ከሰዓት በላይ ሲቆይ ኃይሉ ስለሚቀንስ በረጅም መንገድ ላይ መድገም ያስፈልጋል። እህቶች ከረጅሙ ልብሳቸው ሥር ጭንን የሚሸፍን ታይት ቢለብሱ ፍትጊያው ይቀራል። ለሐጅ የሚሄዱ ወንዶችም በኢሕራም ብዙ ስለሚራመዱ ይህ ችግር ይገጥማቸዋል፤ ሽታ የሌለውን ቫዝሊን ቀድመው ቢይዙ ይጠቅማቸዋል።

ውሃ ከቋጠረ በኋላስ?

ትንሽና የማያም ከሆነ አታፍርጡት። የላዩ ቆዳ ከማንኛውም ፋሻ የተሻለ ሽፋን ነው። በሳሙናና በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ በንጹሕ ጋውዝ ሸፍኑት። ትልቅ ሆኖ መራመድ ከከለከለ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ በአልኮል የጸዳ አዲስ መርፌ ጠርዙን ብቻ ወግታችሁ ፈሳሹን አውጡ። የላዩን ቆዳ ግን አትላጡት። እሾህና የልብስ መርፌ፣ አመድና ቅጠል ወደ ቁስሉ አይድረሱ።

ካፕሱል ከፍቶ ቁስል ላይ መነስነስም ይቅር። ካፕሱል የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ቁስል ላይ ሲነሰነስ ቆዳን ሊያስቆጣ፣ ተሕዋስያኑንም መድኃኒቱን ሊያለማምድ ይችላል።

ቁስሉ ዙሪያውን ቀልቶ ከሞቀ፣ መግል ከያዘ፣ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ከወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አፈርና ፍግ የገባበት ቁስል መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጣ ስለሚችል ስለ ክትባቱ ጠይቁ።

የስኳር ሕመም ያለባቸው አባቶችና እናቶች ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። እግራቸው ስለሚደነዝዝ ጫማ ሲልጣቸው ላይሰማቸው ይችላል። የወጣቱ የሦስት ቀን ቁስል ለእነሱ እግር እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ በቤታችሁ የስኳር ሕመምተኛ ካለ በየምሽቱ ውስጥ እግሩንና የጣቶቹን መሐል እዩለት። ውሃ የቋጠረ ካገኛችሁ ራሳችሁ ሳትነኩት በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ቁስሉ በፋሻ የታሰረ ሰው ስለ ውዱእ ይጨነቃል። ዲናችን ገር ነው፤ በፋሻው ላይ በእርጥብ እጅ ማበስ እንደሚቻል ዑለማዎች አስተምረውናል። ዝርዝሩን የመስጂዳችሁን ኡስታዝ ጠይቁ።

እግራችን ወደ መስጂድ የሚያደርሰን፣ ለልጆቻችን ሪዝቅ ፍለጋ የምንወጣበት የአላህ አማና ነው። ጫማ ከማጥለቃችን በፊት እሱን ለማድረቅ አንድ ደቂቃ አንሰስት። አላህ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን። ወሰላሙ ዓለይኩም።