ለጀማሪው ተማሪ የመጀመሪያው ትእዛዝ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የራሳቸውን የንግድ ሥራ እንዲጀምሩ ማደፋፈር እንደሚገባ በየስብሰባው ይነገራል። የተማሪው ችግር ግን ምክር ማጣት ሳይሆን መነሻ ገንዘብ ማጣት ነው።

በሕግ በኩል መንገዱ ከቀድሞው ተቃንቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ ይል ስለ ነበረ፣ ብቻውን የተነሣ ሰው ዘመዱን ለስም ያህል ማኅበርተኛ ማድረግ ነበረበት፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ግን ለአንድ ሰውም ፈቅዷል። በ2011 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ከብትን፣ የመጋዘን ዕቃንና ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሒሳብን ሳይቀር ለብድር መያዣ ማድረግ እንዲቻል ደንግጓል።

ክቡራን ነጋዴዎች ሊያስተውሉት የሚገባው ይህን የመጨረሻውን ነው። ከብትም መጋዘንም የሌለው ተማሪ ሊያስይዝ የሚችለው የእኛን ዕዳ ነው። አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ ሳሙና ሠርቶ ቢያቀርብ፣ ባለሱቁም ሃምሳ ካርቶን በጽሑፍ አዝዞ ቢረከብ፣ ያልከፈለው ሒሳብ በወጣቱ እጅ ዋጋ ያለው ንብረት ይሆናል። በቃል የታዘዘ እንደ ሆነ ግን ለአበዳሪው የሚያሳየው ነገር የለውም። ባንኩም ቢሆን ለማበደር አይገደድም፤ ሰነዱን ሲመረምር የባለሱቁን የአከፋፈል ጠባይ ጭምር ይመለከታል።

እንግዲህ ለጀማሪ ምጽዋት መስጠት አያስፈልግም። ትእዛዙ ጥቂትም ቢሆን በጽሑፍ ይሁን፤ የሚከፈልበት ቀን ይጠቀስ፤ በቀኑም ይከፈል። ዘጠና ቀን ዱቤ መጠበቅ ለታወቀ አስመጪ የተለመደ ሊሆን ይችላል፤ ለተማሪ ግን መንፈቀ ዓመቱ ሊያልቅ ምንም ያህል አይቀረውም። ሳሙናው ጥሩ ካልሆነም ጉድለቱን ገልጾ ወዲያው መመለስ ነው።